ዝም ያለ ሻጭ ዋሸ ይባላልን?

ሰው ከሰው ጋራ ሲገበያይ ከጥንት ጀምሮ ሦስት ዳኞች ነበሩት፤ እነርሱም ዐይን፥ ጆሮና እጅ ናቸው። በቅሎ የሚገዛ ሰው ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል። ጤፍ የሚገዛ ዘግኖ በመዳፉ ላይ ያሻል። ማሰሮ የምትገዛ ሴት በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ታዳምጣለች፤ የተሰነጠቀ ማሰሮ ድምፁ ያሳብቅበታልና። «ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» የተባለውም ስለዚህ ነው። ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢያሞግስ፥ ገዢው ሙገሳውን እየሰማ ዕቃውን በገዛ እጁ ይመረምራል፤ ተታሎ ወደ ቤቱ ቢመለስም ከጥፋቱ ከፊሉ የራሱ ነው ለማለት ይቻል ነበር።

በዛሬው ዘመን ግን እነዚህ ሦስት ዳኞች የማይቀመጡበት ገበያ ተከፍቷል። ገዢው ደብረ ብርሃን ተቀምጦ አዲስ አበባ ያለውን ዕቃ በስልኩ ላይ ያያል፤ ዋጋውን በባንክ ይልካል፤ ዕቃውም በአውቶቡስ ተጭኖ ይደርሰዋል። በዚህ በኢንተርኔት ገበያ የሚሸጠው ነገር የድምፅ መሣሪያ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። የሸማን ጥለት ፎቶግራፍ ያሳያል፤ የድምፅን ጥራት ግን የሚያሳይ ፎቶግራፍ የለም። ስለዚህ ገዢው ዐይኑንም ጆሮውንም የሚያውሰው መግለጫውን ለሚጽፈው ሰው ነው። እኔም ይህን ብድር ተቀብዬ ስለ ነበር፥ በመጀመሪያ እንዴት አድርጌ እንዳጎደልሁት፥ ከዚያም ምን እንዳስተማረኝ ለአንባቢ ልነግር ተነሣሁ።

ዕድሜዬን የፈጸምሁት በአስተማሪነት ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የእህቴ ልጅ በአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ሱቅ እላታለሁ እንጂ ደጃፍና መስኮት የላትም፤ ዕቃ የሚከመርባት አንዲት ክፍልና በኢንተርኔት ላይ የተዘረጋ ገጽ ናት። የሚሸጠው ስፒከር፥ አምፕሊፋየር፥ ማይክራፎንና የጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ከፊሉ አዲስ፥ ከፊሉም ሰዎች ከአሜሪካ ይዘውት የሚመጡት ያገለገለ ዕቃ ነው። «አጎቴ፥ ዕቃውን እኔ አውቀዋለሁ፤ አማርኛውን ግን እርስዎ ያውቁታል። መግለጫውን እርስዎ ይጻፉልኝ፤ የገጹንም አቀማመጥ አብረን እናሰናዳው» አለኝ። እኔም ብዕሬ ከሳጥን ውስጥ ስለ ወጣልኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልሁት።

በዚያን ጊዜ የዕቃ መግለጫ ማለት የሙገሳ ግጥም ታናሽ ወንድም መስሎኝ ነበር። ስለ አንዱ ስፒከር «ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ» ብዬ ጻፍሁ፤ ስለ ሌላው «ዘፋኙን ከፊትዎ የሚያቆም» አልሁ። አቀማመጡንም እንዲህ አደረግነው፤ ከላይ ትልቅ ፎቶግራፍ፥ ቀጥሎ የእኔ አማርኛ፥ ቀጥሎ ዋጋው፥ ከሁሉ በታች ደግሞ በዕቃው ጀርባ ላይ የተለጠፈው ቍጥር በፈረንጅ ፊደል እንዳለ ተገልብጦ፥ በደቃቅ ጽሕፈት። ቍጥሩን ከታች ያደረግነው ለምን እንደ ሆነ የጠየቀኝ ቢኖር «ለገጹ ውበት» ብዬ እመልስለት ነበር።

አንድ ቀን የደብረ ብርሃን ሰው፥ የአንድ እድር ገንዘብ ያዥ፥ ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ አምፕሊፋየር ከእኛ ገዛ። እድርተኛው ለስብሰባና ለኀዘን ቤት እንዲሆን ገንዘብ አዋጥቶ የገዛው ነው። እንግዲህ አንባቢ እንደሚያውቀው የአገራችን የመብራት ኃይል 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካ ግን 120 ቮልት ነው። ለዚያ አገር ብቻ የተሠራ ዕቃ በመካከል ትራንስፎርመር ሳይገባለት እዚህ ቢሰካ ይቃጠላል። ይህን የእህቴ ልጅ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። ቍጥሩም በገጹ ላይ ነበረ፤ ከታች፥ በደቃቁ፥ በፈረንጅ ፊደል።

ገንዘብ ያዡ አምፕሊፋየሩን የሰካው እድርተኛው ተሰብስቦ ሳለ በሁሉ ፊት ነው። ጥቂት ጓጐረ፤ ከዚያም ጭስ ወጣ፤ ሽታውም ቤቱን ሞላው። በማግስቱ ስልክ ደወለልኝ። እኔ ስድብ ጠብቄ ነበር፤ እርሱ ግን በዝግታ እንዲህ አለኝ፦ «ጌታዬ፥ የታችኛውን ጽሕፈት አይቼዋለሁ። በፈረንጅኛ ስለ ሆነ ለእኔ የተጻፈ አልመሰለኝም። ለእኔ የተጻፈው አማርኛው ነው ብዬ እርሱን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በአማርኛው ውስጥ ይህ ነገር የለም።» ጥቂት ቆይቶም «እድርተኛው ሌባ አላለኝም፤ ዝም ብሎ አየኝ እንጂ» አለኝ። ካዋጡት መካከል በቀን ሥራ የሚኖሩ፥ ባሎቻቸውም የሞቱባቸው ሴቶች ነበሩ።

ነገሩን ለእህቴ ልጅ ባጫውተው እርሱ እንዲህ ሲል ተከራከረኝ፦ «አጎቴ፥ እኛ ምን ዋሸን? ቍጥሩን ጽፈነዋል። ያልገባው ሰው መጠየቅ ነበረበት፤ ስልካችን እዚያው ተጽፏል። የጠየቀ ሰው ተዋሽቶ ያውቃል?» እውነቱን ነው፤ የጠየቀውን ሰው ዋሽቶ አያውቅም። «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለውንም ምሳሌ ጨመረልኝ። እኔም በልቤ፥ አባቶች ይህን የተናገሩት አንደበቱን ለማይገታ ሰው ነበር፤ በሻጭ ቤት ግን ዝምታ የሚመዘንና የሚሸጥ ወርቅ ሆኗል፥ አልሁ።

ይህ የእኔና የእህቴ ልጅ ክርክር አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፥ በአቴና ይማር ለነበረው ልጁ ስለ ሰው ግዴታ በጻፈለት መጽሐፍ ውስጥ ይህንኑ ነገር ያነሣል። በሮዶስ ደሴት ረኀብ ገብቷል፤ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ሌሎች ብዙ መርከቦች እህል ይዘው ወደዚያው እየመጡ መሆናቸውን በመንገድ አይቷል። ይህን ለሮዶስ ሰዎች ይንገራቸውን? ወይስ ዝም ብሎ እህሉን በውድ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጌኔስና ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ በዚህ ይለያያሉ። መምህሩ፥ ሻጭ ሕግ የሚያዝዘውን ጉድለት ከተናገረና ካልዋሸ የቀረውን እንዲናገር አይገደድም፥ አለመናገር ሌላ ነው፥ መደበቅ ሌላ ነው ይላል። ደቀ መዝሙሩ ደግሞ፥ ሰው ለሰው የተፈጠረ ስለ ሆነ ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ ገዢው እንዲያውቀው ያስፈልጋል ይላል። ሲሴሮ በመጨረሻ የፈረደው ለደቀ መዝሙሩ ነው፤ እህል ሻጩ ከሮዶስ ሰዎች መደበቅ አይገባውም ነበር አለ።

እኔ ግን ሁለቱም አሳብ ችግር እንዳለበት በሥራ ላይ አየሁት። የመምህሩን አሳብ የደብረ ብርሃኑ ጭስ አፈረሰብኝ። ስለዚህ ወደ ደቀ መዝሙሩ ዞሬ የማውቀውን ሁሉ ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። ስለ አንድ ስፒከር የጻፍሁት አርባ መስመር ደረሰ። ኃይሉ በእጥፍ ቢጨመር ድምፁ የሚያድገው በ3 ዴሲቤል ብቻ መሆኑን፥ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ዐሥር እጥፍ ያህል መሆን እንዳለበት፥ ጤነኛ ወጣት የሚሰማው ከ20 እስከ 20000 ኸርዝ መሆኑን፥ ዕድሜ ሲገፋም ቀጭኑ ድምፅ ከጆሮ እንደሚጠፋ፥ ይህን ሁሉ አስተማርሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ወጣት ገዢ ዕቃው በቤቱ ካለው አምፕሊፋየር ጋራ አልስማማ ብሎት መለሰው። «ተጽፎ ነበር እኮ» ብለው፥ «አባቴ፥ ያን ሁሉ ማን ያነባል?» አለኝ። እውነቱን ነው። የሚጠቅመውን አንድ መስመር በሠላሳ ዘጠኝ መስመር ሸፍኜበት ነበር። በዚህም ጊዜ ከዝምታ በቀር ሌላ መደበቂያ እንዳለ ገባኝ፤ እርሱም ብዙ መናገር ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ሕግ ተመለከትሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋራ የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዝዛል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ደግሞ፥ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ብሎ ደነገገ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሕግ የሚመጣው ጭሱ ከወጣ በኋላ ነው፤ ያውም የተጐዳው ሰው ለመክሰስ ጊዜና ገንዘብ ያለው እንደ ሆነ። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ለአንድ አምፕሊፋየር ብሎ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ አይከስም። እኛም እንደማይከስ እናውቅ ነበር። ስለዚህ መግለጫ ጸሐፊ ብቻውን በጠረጴዛው ላይ ሳለ የሚያስፈልገው መለኪያ ሌላ ነው።

ያን መለኪያ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ ማታ ራሴን በትክክል ስጠይቅ፥ ቍጥሩን ከታች ያስቀመጥሁት ለገጹ ውበት እንዳልሆነ ተረዳሁ። «ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል» የሚለው ቃል ከላይ ቢቀመጥ ገዢው ይሸሻል ብዬ ስለ ፈራሁ ነበር። በሌላ አነጋገር፥ ገዢው ስለዚህ ነገር ባይጠይቀኝ እመኝ ነበር። መለኪያውም ይኸው ነው። ገዢው ባይጠይቀኝ ብዬ የምመኘው ነገር፥ ያ ነገር፥ በመጀመሪያ መጻፍ ያለበት ነው። ሻጭ ማንም ሳያስተምረው ይህን ነገር ለይቶ ያውቀዋል፤ ልቡ ሲሸሽግ ራሱ ያመለክተዋልና። የስፒከሩን ሣጥን የሠራው እንጨት ከየት እንደ መጣ ባልጽፍ፥ ቢጠየቅም ባይጠየቅም ግድ የለኝም፤ እንግዲያው እርሱን ብተወው አልደበቅሁም። በምን ዋጋ እንደ ገዛነውም ብተወው ገዢው የሚያገኘው ዕቃ አይለወጥም። የቮልቱ ነገር ግን እንዲህ አልነበረም።

ይህን መለኪያ ይዤ ገጹን ሁሉ እንደ ገና ብመረምረው ጉድ አገኘሁ። ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» የተጻፈበት አንድ ትንሽ ስፒከር ነበረን። ኃይል የሚያገኘው ግን 5 ቮልትና 2 አምፔር ከሚሰጥ ቻርጀር ነው፤ አምስትን በሁለት ብናባዛ ዐሥር ዋት ነው። ዐሥር ዋት እየተቀበለ ሳያቋርጥ አንድ ሺሕ ዋት የሚሰጥ ዕቃ በዓለም ላይ የለም። ይህ የዋት ማጋነን የቆየ በሽታ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የቤት አምፕሊፋየር ኃይል እንዴት ተለክቶ ለገዢ እንደሚነገር ደንብ ያወጣው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. ነው፤ ደንቡንም በ2024 ዓ.ም. አሻሽሎታል። የእህቴ ልጅ «ቍጥሩን የጻፈው ፋብሪካው ነው፤ እኛ ገለበጥን እንጂ» አለኝ። እኔ ግን የሌላውን ውሸት ወደ አማርኛ የመለሰ ሰው ውሸቱን አዲስ አንባቢ አግኝቶለታል እንጂ ከውሸቱ አልነጻም ብዬ መለስሁለት።

ደግሞም ሞንታርቦ የሚለው ስም ነበረ። ሞንታርቦ በእውነቱ ጣሊያን አገር ያለ የአንድ ድርጅት ስም ነው፤ የእኛ ሰው ግን ትልቅ ድምፅ ማጉያን ሁሉ ሞንታርቦ ብሎ ይጠራል። እኛም በሌላ ፋብሪካ ስፒከር ላይ «ሞንታርቦ» ብለን ጽፈን ነበር። ለሚያውቀው ሰው ይህ የልማድ አጠራር ነው፤ ለማያውቀው ግን የጣሊያኑን ዕቃ የሚገዛ ይመስለዋል። ፎቶግራፉም እንዲሁ ነው። ከፋብሪካው የወሰድነው ፎቶግራፍ ስፒከሩን ብቻውን በባዶ ስፍራ ላይ ያሳየው ስለ ነበር፥ ቁመቱ አንድ ክንድ ይሁን አንድ ስንዝር አይታወቅም። አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ብለው ገዝተው ሲደርሳቸው በአንድ እጃቸው አንሥተውት ነበር። «የቀረው አንድ ብቻ ነው» የሚለው ቃልም፥ በክፍሉ ውስጥ ሰባት ተደርድሮ ሳለ፥ ከገጹ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ይህኛው እንኳ ዝምታም አይደለም፤ ግልጥ ውሸት ነው።

እንግዲህ ገጹን ለወጥነው። ከፎቶግራፉ ቀጥሎ የመጀመሪያው መስመር በጐላ አማርኛ እንዲህ ይላል፦ «120 ቮልት ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰኩት ይቃጠላል፤ የትራንስፎርመሩ ዋጋ ይህን ያህል ነው።» ቀጥሎ ጉድለቱ፥ ቀጥሎ ለምን ያህል ክፍል እንደሚበቃ፥ ቀጥሎ ዋጋው ይመጣል። ካርቶኑ 1000 ዋት በሚልበት ላይ፥ የሚቀበለው ኃይል 10 ዋት መሆኑን ጻፍን። ፎቶግራፉን ራሳችን አነሣን፤ ከዕቃው አጠገብ መጠኑ እንዲታወቅ አንድ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አቆምን፤ የተፋቀውንም ጐን ወደ ፊት አዞርነው። የቀረውን ቍጥር ሁሉ፥ የሚፈልገው ሰው እንዲያገኘው፥ ከታች አኖርነው። አሁን ግን ከታች የሚቀመጠው ባይጠየቅ የምንመኘው ነገር አይደለም።

አንባቢ «ሽያጩስ እንዴት ሆነ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እውነቱን መናገር ይገባኛል፤ ቀነሰ። እኛ 10 ዋት ስንል ሌላው ሻጭ ያንኑ ዕቃ 1000 ዋት ይላል፤ ገዢም ወደ እርሱ ይሄዳል። እውነተኛ ነጋዴ በመጨረሻ ባለጠጋ ይሆናል እያሉ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ይህን አላየሁምና ለአንባቢ ቃል አልገባም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ነገር ግን የክፍሉ ኪራይ ንጋትን አይጠብቅም። የእህቴ ልጅ ሁለት ልጆች አሉት። ይህን እያወቅሁ ከእርሱ ላይ ይህን ሸክም መጫኔ ቀላል ነገር ሆኖ አልታየኝም፤ ለእኔ ጡረታዬ አለልኝ፤ እርሱ ግን የሚበላው ከዚያች ክፍል ነው።

እንዲህም ሲሆን ከአሳቤ አልተመለስሁም። ምክንያቴም ትርፍ አይደለም፤ ያ ሰው በስልክ የነገረኝ ቃል ነው። በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ፊት ቆሞ «ለእኔ የተጻፈው አማርኛው ነው» አለ። እኔም በአማርኛው ሙገሳውን፥ በፈረንጅኛው እውነቱን ጻፍሁለት። ዐይኑንና ጆሮውን ሲያውሰኝ ቋንቋውንም አብሮ አምኖ ሰጥቶኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን ልጆችን በአማርኛ ያስተማርሁ እኔ፥ ቋንቋውን የማታለያ ወገን አደረግሁት። ስለዚህ በርእሱ ላይ ለተጠየቀው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ ዝም ያለ ሻጭ ሁሉ አልዋሸም፤ ባይጠይቀኝ እያለ ዝም ያለው ግን ዋሽቷል። ከምላስ ውሸት የሚለየውም ለመያዝ አስቸጋሪ በመሆኑ ብቻ ነው።

የእድሩን ገንዘብ መለስንለት። የእህቴ ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ አንገራገረ፤ በሦስተኛው ቀን ሳልነግረው ልኮት አገኘሁት። ግማሹን እኔ ከጡረታዬ ከፈልሁ። የተቃጠለው አምፕሊፋየር በአውቶቡስ ተመልሶ መጥቶ አሁን በምጽፍበት ጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል። ገንዘብ ያዡ ሌላ ዕቃ ከእኛ አልገዛም፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን አንድ ነገር ለመነኝ። «ገንዘቡ ከመምጣቱ ይልቅ የሚበልጥብኝ አለ፤ በእድርተኛው ፊት የሚነበብ ወረቀት ይጻፉልኝ፤ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ በአማርኛ ይጻፉልኝ» አለኝ።

ያን ወረቀት ጻፍሁለት። አምስት መስመር ብቻ ነበረ፤ አንድ ሌሊት ግን ፈጀብኝ። ባልጠየቀኝ ብዬ የምመኘውንም ነገር በመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀመጥሁት።